ልኩ መቶ

ሙርጋብ ላይ፣ ፓሚር ላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበት፣
ነፋስ ድንጋይ ልሶ ውሎ በሚያድርበት፣
በሐምሌ ወጥቼ አራት የፀሐይ ሰሌዳ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ፤
የአንዱን ጫፍ ከአንዱ ጫፍ አያይዤ ቀጠልኩ፣
እንደ ግመል ቅፍለት፣ አንዱ ባንዱ ጭራ፣
ጉልበታቸው ተደምሮ ባንድ ገመድ እንዲሠራ።

ኦስሞናሊ መጣ፣ የያኮቹ ጌታ፣
እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ በዝምታ።
«ልክ ነው?» አለኝ። «ልክ ነው» አልኩት በኩራት፤
«አንዱ ሃያ ሁለት ቮልት፤ ሰማንያ ስምንት ሲባዛ በአራት፤
መቆጣጠሪያው ሣጥን እስከ መቶ ይችላል፤
አሥራ ሁለት ይተርፋል፤
የተረፈ ምን ይጎዳል?»

አንድ ሙክት ከፈለኝ፣ ግማሽ ጆንያም ዱቄት፤
ጭኜ ወረድኩ ኾሮግ፣ ሳላስብ የጥርን ሌሊት።
መስከረም ጥቅምቱን አምፖሉ ሲበራ፣
ሬዲዮው ከኦሽ ገበያ የሱፍ ዋጋ ሲያወራ፣
ልጁ ቤጊማይ ሒሳቧን ስትሠራ፣
እኔም በየሻይ ቤቱ በስሜ ስጠራ፣
ልክ ነበርኩ።

ጥር ገባ።
በዚያ ሌሊት የወረደው በረዶ አይደለም፣ ጥራት ነው፤
ሰማዩን አንድ ሰው ወልውሎ ወልውሎ እንደ መስታወት የተወው።
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት። የያኮቹ ትንፋሽ
ጢማቸው ላይ ብርጭቆ ሆኖ አደረ፤
ባትሪውም ሲሰጥ አምሽቶ በባዶ ሆዱ ነበረ።

እኛ የምናውቀው፣ ብርድ አቅም ይነሣል፤
ሰው ይኮማተራል፣ ሞተር ይለግማል፣ ባትሪ ይልፈሰፈሳል።
ሲሊከን ግን ጠባዩ ለየት ያለ ነው፤
ሙቀት ነው የሚያሰንፈው፣ ብርድ ነው የሚያጀግነው።
ከሃያ አምስት ዲግሪ ቁልቁል፣ በወረደች በያንዳንዷ፣
ቮልቱ በአንድ ፐርሰንት ሲሶ ይጨምራል፤ አትከብድም አንዷ፤
ስልሳ ሦስት ሲጠራቀሙ ነው የሚታወቀው ጉዷ።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ግንባሯን ስታወጣ፣
ሰሌዳዎቹ ገና ውርጭ እንደሆኑ፣ ሙቀት ሳይመጣ፣
ያቺ አሥራ ሁለት ትርፍ፣ የኮራሁባት፣
አንድ አፍታ አልቆየችም፤ ብርዱ ቁርስ አደረጋት።
ቤጊማይ በባልዲ በረዶ እየዛቀች ሰማች፤
«ጧ!» ትንሽ ናት፣ እንደ ፍም የፈነዳች።
የፕላስቲክ ጠረን። ከዚያ ወዲያ ምንም።

ሁለት ቀን ነድቼ ደረስኩ። «ደመና ነበር?» አልኩ። «የለም፤
እንደዚያ ያማረ ማለዳ ዘንድሮ አላየሁም።»
ሣጥኑን ረገምኩ፣ ፋብሪካውን ረገምኩ፣
የሸጠልኝን ነጋዴ እስከ አያቱ ሰደብኩ።
ልጅቷ መሰላል ወጣች፤ በጓንቷ ጠራርጋ
የሰሌዳውን ጀርባ አየች፣ ቁጥር ቁጥሩን ፈልጋ።
«ይሄ የተለካው» አለች «በሃያ አምስት ዲግሪ ነው።
እኛ ዘንድ ሃያ አምስት ዲግሪ በዓመት ስንት ቀን ነው?»
ወርዳም በመስኮቱ ውርጭ ላይ በጥፍሯ ጫረች፤
ሰማንያ ስምንት ጻፈች፣ አባዛች፣ ደመረች፤
መቶ አምስት።
ቁጥሩ ከግርጌው እየቀለጠ ወረደ። እኔም አብሬው።

አባቷ አየኝ። «ልክ ናት?»
«ልክ ናት።»
እኔም ልክ ነበርኩ። የሐምሌ ልክ።

ያን ሌሊት በኩራዝ ተቀምጠን፣ ኦስሞናሊ ሳቀ፤
«ውሻዬም እንዲሁ ነው፤ ብርድ ሲነካው ነቃ፣ ቦረቀ፣
ሰንሰለቱን በጠሰ። እኔ ደግሞ ሰንሰለት የገዛሁለት
በሙቀት ቀን ነው፣ ጥላ ስር ተኝቶ ሲያንቀላፋ አይቼው።»

በነጋታው አንዱን ፈታሁ፤ ሦስቱ ቀሩ ተሰልፈው፤
ስልሳ ስድስት ናቸው፤ የቱም ብርድ ዘጠና አያደርሳቸው።
አራተኛው የግልገሎቹን በረት ከነፋስ ይጋርዳል፤
አንዲት ፍየል ቀን ቀን መልኳን ታይበታለች።

ሙክቱን አልመለስኩም፣ በልቼዋለሁ፤
አዲሱን ሣጥን ግን ከኪሴ ገዛሁ።
ቤጊማይ በክዳኑ ላይ በሚስማር ቀረጸች፦
«ልኩ መቶ ነው። ቀድመህ ጥርን ጠይቅ።»